ምዕራፍ 7፦ መስመሩን ማን በላው?

የጋራ ቆጣሪ ባለበት ግቢ ተከራይቶ የኖረ ሰው የወሩን መጨረሻ ያውቀዋል። የመብራት ሒሳብ ይመጣል፤ አከራይዋ ወረቀቱን ይዘው በየበሩ ይዞራሉ፤ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። «ምጣድ የምትጥደው እሷ ናት» ይላል አንዱ። «ያንተ ቴሌቪዥን መቼ ጠፍቶ ያውቃል?» ትላለች ሌላዋ። «እኛማ ያለችን አንድ አምፖል ናት» ይላሉ ጥግ ላይ ያሉት ባልና ሚስት። ሁሉም የሚናገረው ከልቡ ነው፤ የሚያውቅ ግን የለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ የሚያሳየው አንድ ድምር ነው፤ የትኛው የምጣድ፣ የትኛው የአምፖል እንደሆነ አይለይም። በመጨረሻ ሒሳቡ ለሁሉም እኩል ይካፈልና እያንዳንዱ ተበደልኩ እያለ ወደ ቤቱ ይገባል።

የቤት ኢንተርኔትም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደዚህ ግቢ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ምዕራፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱና ወራቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙው ቤት ከዓለም ጋር የሚገናኘው በአንዲት ቀጭን የስልክ ሽቦ ነበር። ሁለትና ሦስት ኮምፒውተር ያፈራ ቤተሰብ ሽቦዋን ይጋራታል። ገጹ አልከፈት ሲል፣ ኢሜይሉ አልሄድ ሲል፣ የስልክ ሒሳቡ ሲያብጥ ጥያቄው ያው ነው፦ መስመሩን ማን በላው? ጣት የሚቀሰረውም ብዙ ጊዜ በሚታየው ሰው ላይ ነው፤ ዘፈን ሲያወርድ በተገኘው ልጅ፣ ኮምፒውተር ፊት በምታመሸው እህት ላይ።

አንዳንድ ሰዎች ግን መካሰሱን ትተው መቁጠር ጀመሩ። የስልኩ ሽቦ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ አሮጌ ኮምፒውተር አስቀምጠው የሚወጣውንና የሚገባውን መዘገቡ። ይህ ምዕራፍ እንዴት እንደሚቆጠርና ሲቆጠር ምን እንደሚገኝ ያሳያል። ቀጭኑ መስመር ያስተማረው በወፍራሙ መስመር ዘመንም ይሠራልና።

የሽቦዋ ስፋት

ስልክ የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው። መስመሩ የሚያሳልፈው በሴኮንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅን ብቻ ነው፤ ለወሬ ይበቃል፣ ለሙዚቃ ይጠባል። ኮምፒውተር በዚህ መስመር እንዲያወራ ቋንቋውን ወደ ድምፅ የሚለውጥለት፣ የመጣለትንም ድምፅ መልሶ የሚፈታለት አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። አስተርጓሚው ሞደም ነው። ዳያል አፕ የሚባለውን፣ በስልክ ደውሎ የሚገናኘውን ኢንተርኔት የተጠቀመ ሰው የማይረሳው ያ ፉጨትና ጩኸት ሁለት ሞደሞች በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ሲስማሙ የሚያሰሙት ድምፅ ነበር።

ፍጥነቱ ጣሪያ አለው። ዲጂታል የስልክ ማዕከል የሰውን ድምፅ ወደ ቁጥር ሲለውጥ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካዋል፤ እያንዳንዱን ልክ በ8 ቢት ይጽፈዋል። ሲባዛ 64,000 ቢት ይሆናል፤ አንድ የስልክ ጥሪ ከዚህ በላይ አይሸከምም። በ1998 የጸደቀው ቪ ነጥብ 90 የተባለው መስፈርት ወደዚህ ጣሪያ ተጠግቶ ወደ ቤት ለሚገባው 56,000፣ ከቤት ለሚወጣው 33,600 ቢት በሴኮንድ ፈቀደ። አሜሪካ ውስጥ በመስመሩ ላይ የሚላከውን ኃይል የሚገድብ ደንብ ስለነበረ የሚገባው ከ53,300 አይበልጥም ነበር። ሽቦው ያረጀ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

ቁጥሩን በኑሮ እንመንዝረው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 4 ሜጋባይት የሆነ ዘፈን 32 ሚሊዮን ቢት ነው። በሴኮንድ 48,000 ቢት የሚያገኝ ቤት፣ ሌላ ሰው መስመሩን ሳይነካ፣ ዘፈኑን ለማውረድ 11 ደቂቃ ይፈጅበታል። 1 ሜጋባይት ፎቶ በኢሜይል መላክ ከዚህ የባሰ ነው። ኢሜይል አባሪውን ወደ ፊደላት ቀይሮ ስለሚልከው መጠኑ በሲሶ ያድጋል፤ መውጫው ደግሞ ከመግቢያው ይጠባል፤ ስለዚህ ከ5 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በመካከሉ አክስት ሳሎን ገብታ ስልኩን ካነሳች ሁሉም ነገር ይቋረጥና እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

ሒሳቡም ቢሆን ባይት አይቆጥርም ነበር፤ የሚቆጥረው ጊዜ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የሰፈር ጥሪ በአብዛኛው በወርሃዊው ክፍያ ስለሚሸፈን ሰው ሞደሙን ከፍቶ መተው ይችል ነበር። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ግን የከተማ ውስጥ ጥሪም በደቂቃ ይታሰብ ነበር። እኛም አገር ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲከፈት የገባው በዚሁ በስልኩ በር ነው። ስለዚህ የዳያል አፕ ቤት ሁለት ጠላት ነበረው፤ አንዱ መስመሩን የሚሞላ፣ ሌላው መስመሩን ያለ ሥራ ክፍት የሚያቆይ። የመጀመሪያው ያበሳጫል፤ ሁለተኛው ግን ድምፁን ሳያሰማ ኪስ ያራቁታል።

ቁም ሣጥን ሥር ያለው ሳጥን

ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ሞደም እንዲጋሩ ከመካከላቸው አንዱ በር ላይ መቀመጥ አለበት። ጌትዌይ የሚባለው ይህ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ ለሌላ ነገር የማይሆን ያረጀ ኮምፒውተር ነበር። ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ይጫንበትና ያለ ስክሪን ቁም ሣጥን ሥር ይገፋል። በአንድ ጎኑ ሞደሙ፣ በሌላው ጎኑ የቤቱ የኔትወርክ ገመድ ይሰካበታል። ሊኑክስ የስልኩን ጎን «ፒፒፒ ዜሮ»፣ የቤቱን ጎን «ኢቲኤች ዜሮ» ብሎ ይጠራል። ሁለቱን ስሞች አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን። ሊኑክስን ለማይደፍር ሰው ደግሞ በ1999 የወጣው የዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም መስመር የማጋራት ችሎታ ይዞ መጥቷል።

በኢንተርኔት የሚሄድ ነገር ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ እሽጎች ተቆራርጦ ነው የሚሄደው። ፓኬት ፖስታ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ውጭው ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ አለ፣ ውስጡ ደብዳቤው አለ። ችግሩ አገልግሎት ሰጪው ለአንድ ጥሪ የሚሰጠው አድራሻ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። መፍትሔው እንዲህ ተበጀ። በ1996 ለግል ኔትወርኮች ተለይተው ከተተዉት አድራሻዎች፣ ለምሳሌ 192.168 ብለው ከሚጀምሩት፣ ለየኮምፒውተሩ አንድ አንድ ይታደላል። ጌትዌዩ በሚወጣው ፖስታ ሁሉ ላይ የላኪውን አድራሻ ፍቆ የራሱን ይጽፍበታል፤ ማን እንደላከው ማስታወሻ ይይዛል፤ መልሱ ሲመጣ ማስታወሻውን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። የሊኑክስ ሰዎች ይህን አሠራር ጭምብል ማልበስ ይሉታል።

የጋራ ቆጣሪው የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ቤቱ በሙሉ አንድ ኮምፒውተር ነው። አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ደውሎ «ማን ነው የበላብን?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ እሱም የሚያየው ድምሩን ነው። የቤቱን ሰዎች ከነአድራሻቸው የሚያውቀው ቁም ሣጥን ሥር ያለው ሳጥን ብቻ ነው።

አንደኛ ጥያቄ፦ ስንት?

በአማርኛ «ትራፊክ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣልን መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመው ፖሊስ ነው። በኔትወርክ ሰዎች ቋንቋ ግን ትራፊክ መኪናው ነው፤ በመስመሩ የሚያልፈው ፓኬት። መኪና የሚቆጥር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው በደቂቃ ስንት እንዳለፈ ነው፤ ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ሊኑክስ ሳይጠየቅ ይቆጥራል። በእያንዳንዱ ጎን ስንት ባይትና ስንት ፓኬት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ በአንዲት ፋይል ውስጥ ሁልጊዜ ተጽፎ ይገኛል። የመብራት ቆጣሪ እንደሚነበበው ሁለት ጊዜ አንብቦ መቀነስ ነው። አሁን ሲነበብ በፒፒፒ ዜሮ የገባው 1,250,000 ባይት ቢሆን፣ ከ10 ሴኮንድ በኋላ ደግሞ 1,300,000 ቢሆን፣ ልዩነቱ 50,000 ባይት ነው። በሴኮንድ 5,000 ባይት ማለት 40,000 ቢት ነው። ይህን ያየ ሰው ገጹ ለምን እንደዘገየ ሌላ ምክንያት አይፈልግም፤ መስመሩ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ይህን ንባብ በየ5 ደቂቃው ደግሞ ሥዕል የሚያደርገው ፕሮግራም ራሱ የተወለደው ከጠባብ መስመር ነው። ስዊዘርላንዳዊው ቶቢያስ ኦቲከር በ1994 እንግሊዝ አገር ሌስተር በሚገኘው ደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ተቋሙ ከውጭው ዓለም የሚገናኘው በአንድ 64 ኪሎቢት መስመር ነበር። ከአንድ የቤት ሞደም እምብዛም የማይሰፋ መስመር ማለት ነው። ሁሉም ሰው መስመሩ እንዴት እንደዋለ ማወቅ ስለፈለገ ቁጥሩን እየወሰደ ግራፍ የሚሥል ኤምአርቲጂ የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ በ1995 ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። የብዙ ሰው ጥያቄ በአንድ ሥዕል ተመለሰ።

ቆጣሪ ግን ያሳስታል፤ ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ ስልኩ በተዘጋ ቁጥር የፒፒፒ ዜሮ ቆጣሪ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በቀን ስድስት ጊዜ የሚደውል ቤት ማታ ሲያነብ የሚያገኘው የመጨረሻውን ጥሪ ብቻ ነው። መድኃኒቱ መስመሩ ሲዘጋ የምትነሳ ትንሽ ስክሪፕት ናት፤ የሊኑክሱ የፒፒፒ ፕሮግራም ጥሪው ስንት ሴኮንድ እንደቆየ፣ ስንት ባይት እንደገባና እንደወጣ ይነግራታል፣ እሷ በመዝገብ ታኖራለች። ሁለተኛ፣ ሞደሞች በመንገድ ላይ የሚያልፈውን ጨምቀው ይልካሉ። ጽሑፍ በደንብ ስለሚጨመቅ ቆጣሪው ከመስመሩ ጣሪያ በላይ የሆነ ፍጥነት ሊያሳይ ይችላል። ዘፈን ግን አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ አይቀንስም። አንዱን ከሌላው ጋር ያወዳደረ ሰው መስመሩ ተሻሽሏል ብሎ ሊደሰት ይችላል፤ የተለወጠው ግን ጭነቱ ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ የማን?

እዚህ ላይ ሁለቱ ስሞች ይመለሳሉ። በፒፒፒ ዜሮ በኩል የሚያዳምጥ ሰው የሚያየው ጭምብሉን ነው፤ የሚወጣው ሁሉ የጌትዌዩን አድራሻ ለብሷል። የየኮምፒውተሩ ፊት የሚታየው ጭምብሉ ከመልበሱ በፊት ነው፤ ስለዚህ ጆሮ የሚደገነው በኢቲኤች ዜሮ በኩል ነው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ትክክለኛውን መሣሪያ ይዘው በተሳሳተው በር ላይ ይቆማሉ።

ለየሰው ለመቁጠር የሚያልፈውንና የሚከለከለውን የሚለየው የሊኑክስ ፋየርዎል ይበቃል። ከ2001 ወዲህ «አይፒቴብልስ» የተባለው ይህ ፋየርዎል የተሰጠውን እያንዳንዱን ደንብ ስንት ፓኬትና ስንት ባይት እንደነካው ይቆጥራል። ደንቡ መከልከል የለበትም፤ «በዚህ አድራሻ የሚያልፈውን ቁጠርና አሳልፍ» ማለት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ የመግቢያ፣ አንድ የመውጫ ደንብ ከተጻፈ ለየተከራዩ የራሱ ቆጣሪ ተሰቀለለት ማለት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ዝርዝሩ ይወጣል፤ ክርክሩም ግማሹ እዚያው ያልቃል።

ሦስተኛ ጥያቄ፦ ምን?

ቀሪውን ግማሽ የሚጨርሰው ቲሲፒደምፕ የተባለው መሣሪያ ነው። የተሠራው በ1988 ካሊፎርኒያ በሚገኘው ሎሬንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ሲሆን የጻፉት ቫን ጃኮብሰን፣ ክሬግ ሌረስና ስቲቨን ማካን ናቸው። ከጀርባው አንድ ታሪክ አለ። በጥቅምት 1986 ከላቦራቶሪው እስከ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ባለው መስመር ላይ ፍጥነቱ ከ32,000 ቢት በሴኮንድ ወደ 40 ቢት ወረደ፤ 800 እጥፍ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ፣ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነበር። መስመሩ አልተበጠሰም፣ ማሽኖቹም አልተበላሹም። ጃኮብሰን ፓኬቶቹን አንድ በአንድ ሲመረምር ኮምፒውተሮቹ መልስ በዘገየባቸው ቁጥር ያንኑ ደግመው እየላኩ መስመሩን ራሳቸው እንደሚያንቁት ተረዳ። በ1988 ያሳተመው መፍትሔ ኢንተርኔት እስካሁን ሳይታነቅ እንዲሠራ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው። መላ ምት ያልፈታው ፓኬት በማንበብ ተፈታ።

ቲሲፒደምፕ ለእያንዳንዱ ፓኬት አንድ መስመር ይጽፋል፤ ሰዓቱን፣ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ያህል እንደሆነ። ከአድራሻው ጎን የበር ቁጥር አለ፤ ሙያውን የሚናገረው እሱ ነው። 80 ድረ ገጽ ነው፣ 25 ኢሜይል መላኪያ፣ 110 ኢሜይል መቀበያ፣ 53 የስም ጥያቄ፣ 137 ደግሞ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚጠራሩበት። እነዚህን አምስት ቁጥሮች ያወቀ ሰው የቤቱን ምሽት ማንበብ ይችላል።

አንድ የሚያስቅ ወጥመድ አለ። ቲሲፒደምፕ በቁጥር የተጻፈውን አድራሻ በስም ልጻፍላችሁ ብሎ ወደ ውጭ ይጠይቃል። ጥያቄው በዚያችው በጠባቧ መስመር ይወጣል፤ ስልኩ ተዘግቶ ከሆነም ያስደውላል። ሌባ ሊጠብቅ የወጣው ሰው ራሱ በሩን እየከፈተ ይገባል ይወጣል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ «ስም አትጠይቅ» የሚለውን ምርጫ የሚነግሩት።

አራት ክሶች፣ አራት ፍርዶች

የመጀመሪያው ክስ፦ ሁሉም ተኝቶ ሞደሙ ለምን ይደውላል? በብዙ ቤት ጌትዌዩ የሚሰናዳው ሰው ሲፈልግ ብቻ እንዲደውል ነው፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ፓኬት ሲመጣ ይደውላል፣ ዝም ሲባል ይዘጋል። የጥሪውን ሰዓት ከመዝገቡ ወስዶ በዚያች ሴኮንድ በኢቲኤች ዜሮ ምን እንዳለፈ ያየ ሰው የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በር 53 ነው። ሳይጠፋ ያደረ የዊንዶውስ ኮምፒውተር የቤቱን የሥራ ቡድን ስም አድራሻ እየጠየቀ ነው። ስሙን ከቤቱ ውጭ የሚያውቀው የለም። ጌትዌዩም ስለማያውቀው ለማስጠየቅ ይደውላል፤ «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚል መልስ ያመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያው ጥያቄ ይመለሳል። አንዳንዴ ጥፋተኛው ጌትዌዩ ራሱ ይሆናል፤ በላዩ ያለው የኢሜይል ፕሮግራም ያልተላከ ደብዳቤ አለ ወይ እያለ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሳል። መድኃኒቱ የቤቱን ስሞች የሚመልስ ትንሽ የስም ሰርቨር ጌትዌዩ ላይ ማስቀመጥና እነዚህ ፓኬቶች መስመሩን እንዳያስነሱ ማዘዝ ነው።

ሁለተኛው ክስ፦ ማንም ሳይጠቀም መስመሩ ለምን አይዘጋም? አገልግሎት ሰጪው በየጥሪው የሚሰጠው አድራሻ ከጥቂት ደቂቃ በፊት የሌላ ሰው ነበር። ያ ሰው ፋይል በሚያጋራ ፕሮግራም ሲጠቀም ቆይቶ ከሆነ ባልንጀሮቹ መሄዱን አላወቁም፤ በዚያው አድራሻ ማንኳኳታቸውን ይቀጥላሉ። አዲስ የተከራየ ሰው የቀድሞውን ተከራይ እንግዶች በር ሲመልስ እንደሚያመሽ ማለት ነው። ጌትዌዩ ግን ማንኛውንም ፓኬት ሥራ ነው ብሎ ስለሚቆጥር የዝምታ ሰዓቱን ከመጀመሪያ ይጀምራል። መፍትሔው ከውጭ የሚያንኳኳው ሳይሆን ከውስጥ የሚጠይቀው ብቻ እንደ ሥራ እንዲቆጠር ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ክስ፦ መግቢያው ባዶ ሆኖ ገጹ ለምን አይከፈትም? ቆጣሪው የሚገባው ጥቂት፣ የሚወጣው ግን ሞልቶ ካሳየ መልሱ ተገኝቷል፤ አንድ ሰው ፎቶ እየላከ ነው። 1,500 ባይት የሆነ አንድ ፓኬት 12,000 ቢት ነው፤ በ33,600 መውጫ ለማለፍ 0.36 ሴኮንድ ይፈጅበታል። 20 እንዲህ ያሉ ፓኬቶች ከተሰለፉ ከኋላቸው የመጣች አንዲት ትንሽ የገጽ ጥያቄ 7 ሴኮንድ ትጠብቃለች። ዘፈን የሚያወርደውም ይጎዳል፤ «ደርሶኛል፣ ቀጥል» የምትለው ትንሿ ፓኬት በዚያው ሰልፍ ውስጥ ታስራለችና። ስለዚህ ትናንሾቹ ቅድሚያ እንዲያገኙ ይደረጋል፤ ትልልቆቹም ይቆራረጣሉ። 296 ባይት የሆነ ፓኬት መውጫውን የሚይዘው ለ0.07 ሴኮንድ ብቻ ነው። ሽቦዋ ሳትሰፋ ቤቱ የሰፋ ይመስለዋል።

አራተኛው ክስ ከባድ ነው፦ አንዱ ኮምፒውተር ሰው ሳይነካው መውጫውን ይሞላል። በጥር 25፣ 2003 ስላመር የተባለ ትል፣ ማለትም ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ፕሮግራም፣ በዓለም ተሰራጨ። መላ አካሉ 376 ባይት ነበር፤ ከፖስታው ጋር 404። በመጀመሪያው ደቂቃ የተያዙት ማሽኖች ቁጥር በየ8.5 ሴኮንድ እጥፍ ይሆን ነበር። ያጠቃው የማይክሮሶፍትን የመረጃ ቋት ፕሮግራም ሲሆን የዚያው ትንሹ ዝርያ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ሳይታወቅ በግል ኮምፒውተሮችም ይጫን ነበር። በሞደም መውጫ ላይ ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሴኮንድ 10 ያህል ቅጂ፣ ያለ ማቋረጥ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ብላስተር የተባለው ትል በበር 135 ተከተለ። በቲሲፒደምፕ ለሚያይ ሰው ምልክቱ አያሳስትም፤ ከአንድ የቤት አድራሻ ወደ ብዙ መቶ የማይተዋወቁ አድራሻዎች፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ የበር ቁጥር። ሰው እንዲህ አይጠቀምም። ያን ኮምፒውተር ከገመዱ መንቀል የመጀመሪያው እርዳታ ነው።

አራቱን ፍርዶች ደርድረን እንያቸው። በሁለቱ መስመሩን ያስጨነቀው ማንም ያላዘዘው ማሽን ነው። በአንዱ ከውጭ የመጣ የማያውቁት እንግዳ ነው። ሰው ያለበት አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ፎቶ ለዘመድ ስለላከ እንጂ ስላጠፋ አይደለም። በየምሽቱ የሚከሰሰው ዘፈን የሚያወርደው ልጅ በዝርዝሩ ውስጥ የለበትም። እሱ 11 ደቂቃ ይበላል፤ ያንንም ሁሉም ያየዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚበላው ግን ወንበር ላይ አይቀመጥም።

ገመና

በር ላይ የተቀመጠ ሳጥን ከሚገባው በላይ ያያል። በዚያ ዘመን ኢሜይል በበር 110 ሲወርድ የይለፍ ቃሉ በግልጽ ፊደል ያልፍ ነበር፤ የደብዳቤው ቃል፣ የሚነበበው ገጽም እንዲሁ። በ1998 ኢተሪል ተብሎ የወጣውና በ2006 ዋየርሻርክ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ የተቆራረጠውን ገጣጥሞ ንግግሩን እንደ ደብዳቤ ያስነብባል። መስመሩን ማን በላው ብሎ የተነሳ ሰው የእህቱን ደብዳቤ እያነበበ ራሱን ሊያገኝ ይችላል።

የቀድሞው ቲሲፒደምፕ ካልታዘዘ በቀር ከእያንዳንዱ ፓኬት የሚይዘው የመጀመሪያዎቹን 68 ባይቶች ብቻ ነበር። አድራሻውን፣ የበሩን ቁጥር፣ መጠኑን ለማወቅ ይበቃል፤ ደብዳቤው ግን በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ነው ያለው። ምክንያቱ ፍጥነትና ቦታ መቆጠብ ቢሆንም ለቤት ጥሩ ሕግ ይወጣዋል፦ የፖስታውን ጀርባ አንብብ፣ ፖስታውን አትክፈት። ከላይ ያየናቸው አራቱም ክሶች ከሞላ ጎደል በፖስታው ጀርባ ተፈትተዋል፤ የማንም ሰው ደብዳቤ መከፈት አላስፈለገም። ሁለተኛው ሕግ ለቤተሰቡ አስቀድሞ መንገር ነው። ቆጣሪ መሰቀሉን ሁሉም ካወቀ ቆጣሪ ነው፤ በድብቅ ከተሰቀለ ግን ሌላ ስም አለው።

በኪስ ያለው በር

ያ ሳጥን ዛሬ ከቁም ሣጥን ሥር ወጥቶ ኪሳችን ገብቷል። ስልካችንን ሆትስፖት አድርገን ለላፕቶፕ ስናጋራ ስልኩ ጌትዌይ ሆኗል፤ ያው የግል አድራሻ ይታደላል፣ ያው ጭምብል ይለበሳል። አብዛኛው ድረ ገጽና መልእክት አሁን ተመስጥሮ ስለሚሄድ ደብዳቤው እንደ ድሮው አይነበብም። ክፍያችን ደግሞ ከደቂቃ ወደ ሜጋባይት ተቀይሯል። «ፓኬጄ ሳልጠቀምበት አለቀ» የሚለው እሮሮ ግን ያ አሮጌው ክርክር ነው፤ ተከሳሹም አልተለወጠም። ራሱን የሚያድስ አፕ፣ ፎቶ በራሱ የሚያስቀምጥ አገልግሎት፣ ሳይነኩት የሚጀምር ቪዲዮ ዛሬም ወንበር ላይ አይቀመጡም።

ቀሪውን ለማየት *804# ሲደወል የሚመጣው ቁጥር የግቢው የጋራ ቆጣሪ ነው፤ ስንት እንደቀረ ይነግራል፣ ማን እንደበላ አይነግርም። የየተከራዩ ቆጣሪ ስልኩ ውስጥ፣ በቅንብሩ ሥር፣ የዳታ አጠቃቀም በሚለው ቦታ በየአፑ ስም ተዘርዝሮ ይገኛል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ያንን ዝርዝር ያንብቡ፤ ጠዋት ሲነሱም ደግመው ያንብቡና ይቀንሱ። በልጅዎ ላይ የሚቆጡ ከሆነ ከዚያ በኋላ ይቆጡ።